ወንጀልና ደንብ መተላለፍ ተለይተው እንዲታወቁ

ሕግ በሁለት መንገድ ክብሩን ያጣል። አንደኛው፥ ታላቁን በደል በጥቂት ቅጣት ሲያሳልፍ ነው፤ ሁለተኛውም፥ ትንሹን ስሕተት በታላቅ በደል ስም ሲጠራ ነው። ስለ ፊተኛው በየዘመኑ ብዙ ተነግሯል፥ ብዙም ተጽፏል። ሁለተኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ ስለ ሆነ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የሰው ነፍስ ያጠፋና አውቶሞቢሉን በማይፈቀድበት ስፍራ ያቆመ ሰው ሁለቱም «ወንጀለኛ» ተብለው ቢጠሩ፥ ያለ ቦታው ያቆመው ሰው ከሚገባው በላይ ይዋረዳል፤ የነፍሰ ገዳዩም ነውር በዚያው ልክ ይቀላል። ለሁሉ የሚሰጥ ስም ማንንም የማያሳፍር ይሆናልና።

የንስሐ አባት ነፍስ ለገደለና በጾም ቀን ዘንግቶ ለበላ ሰው አንድ ዓይነት ቀኖና አይሰጥም። ሁለቱም ከትእዛዝ ወጥተዋል፤ ነገር ግን የጥፋታቸው መጠን ልዩ ስለ ሆነ መድኀኒቱም ልዩ ነው። የመንግሥት ዳኝነትም በዚሁ መንገድ ሊሄድ እንደሚገባው የሚክድ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጽፉ ሰዎች ጥፋቱን አንድ በአንድ መዝነው ለየመጠኑ ስም ከመስጠት ይልቅ፥ «ይህን ደንብ የተላለፈ ሁሉ ይቀጣል» ብለው በአንድ አንቀጽ መጠቅለል ስለሚቀላቸው፥ በብዙ አገር ትንሹ ጥፋት ከትልቁ ጋር በአንድነት ታስሮ ይገኛል።

የዚህ ነገር ጕልህ ምሳሌ የሚታየው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው። በዚያ አገር ማዕከላዊው መንግሥት ራሱ ታላቅ ባለ ርስት ነው። የርስቱም ስፋት 640 ሚሊዮን ኤክር ያህል፥ ማለት ወደ 260 ሚሊዮን ሔክታር ሲሆን፥ ከአገሩ መሬት ሁሉ ከመቶ 28 እጅ ገደማ ይሆናል። አንዱ ጋሻ 40 ሔክታር ነው ተብሎ ቢታሰብ ከ6 ሚሊዮን ጋሻ ይበልጣል። በዚህ መሬት ላይ ብሔራዊ ፓርኮች፥ ደኖች፥ የግጦሽ ሜዳዎች፥ የጦር ሠፈሮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኛሉ። ሰው የሚመላለስበት ስፍራ ሁሉ መንገድ አለው፤ መንገድ ያለበትም ስፍራ ሁሉ ስለ አውቶሞቢል ፍጥነትና ስለ ማቆሚያ ደንብ ያስፈልገዋል። ደንቡ መኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፥ ትንሹን የመንገድ ደንብ እንኳ መተላለፍ በእሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ተብሎ መጻፉ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ መንገድ መመልከት ይበቃል። በዋና ከተማው በዋሽንግተን ማዶ፥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፥ በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የተሰየመ ጎዳና አለ። ኮንግረስ በ1930 ባወጣው ሕግ የተፈቀደው ይህ ጎዳና የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ይዞታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው የውጭ አገር ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ጎዳናው በቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ወንዙን ተከትሎ፥ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አልፎ፥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በኩል ጆርጅ ዋሽንግተን ወደ ኖረበት ወደ ማውንት ቨርነን ይደርሳል።

በቨርጂኒያ ግዛት ሕግ ቀላል የመንገድ ጥፋት የሕዝብን ሥርዓት መጣስ እንጂ ወንጀል እንዳልሆነ በግልጥ ተጽፏል፤ መቀጫውም በተለይ ካልተደነገገ በቀር ከ250 ዶላር አይበልጥም። እንግዲህ አንድ ሰው በግዛቱ መንገድ ላይ ከተወሰነው ፍጥነት ጥቂት አልፎ ቢገኝ ደንብ ተላለፈ ይባላል። ይኸው ሰው በዚያው ቀን፥ በዚያው አውቶሞቢል፥ በዚያው ፍጥነት ወደ ወንዙ ዳር ጎዳና ገብቶ ቢገኝ ግን፥ ሕጉ እስከ 6 ወር እሥራት ወይም እስከ 5,000 ዶላር መቀጫ፥ ወይም ሁለቱንም ሊያስፈርድበት ይችላል። የፓርኮቹ ደንብ በራሱ ያልወሰነውን የመንገድ ጉዳይ ከግዛቱ ሕግ ይበደራል፤ ነገር ግን የሚበደረው ትእዛዙን እንጂ ቅጣቱን አይደለም። ስለዚህ በጎረቤት ደንብ የነበረው ቃል ድንበሩን ሲሻገር ወንጀል ይሆናል።

በእርግጥ፥ ዳኞቹ ለእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር የመጨረሻውን ቅጣት መፍረድ ልማዳቸው አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው በሕግ ሥር የሚኖረው በዳኛው ደግነት ተማምኖ ብቻ ሊሆን አይገባም። ዳኛው ደግ ቢሆን ምሕረቱ የዳኛው ነው፤ ሕጉ ግን እንደ ተጻፈ ይኖራል፥ ለሚቀጥለውም ዳኛ ያንኑ ሥልጣን ይሰጣል።

ከዚህም በላይ፥ የቅጣቱ ልክ በጥፋቱ ሳይሆን በመሬቱ ጠባቂ ዓይነት ይለዋወጣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢ የተከለከለ ስፍራ ላይ አውቶሞቢል ማቆም እስከ 30 ቀን እሥራት ሊያደርስ ይችላል። በብሔራዊ ፓርክና በብሔራዊ ደን ውስጥ የእሥራቱ ጣሪያ 6 ወር ነው። የግጦሽ ሜዳዎችንና በረሓዎችን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በ1976 በወጣው ሕግ መሠረት በሚያወጣው ደንብ ደግሞ እስከ 12 ወር ሊሄድ ይችላል። አንድ መንኰራኩር በሦስት መሬት ላይ ቢቆም ሦስት ዓይነት ወንጀል ይሆናል ማለት ነው። መንገደኛው ግን የየትኛው መሥሪያ ቤት መሬት ላይ እንዳለ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ዛፉም ድንጋዩም አንድ ነውና።

ይህ ሁሉ የሆነው በክፋት ታስቦ አይደለም። ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ምክንያቱ ግልጥ ሆኖ ይታያል። የሎውስቶን የተባለው ታላቅ ፓርክ በ1872 ሲመሠረት፥ በውስጡ ጥፋት ለሚያደርግ ሰው በቂ የቅጣት ሕግ አልተሠራለትም ነበር። በ1894 የክረምት ወራት አንድ አዳኝ ከጥፋት ከተረፉት ጥቂት ጐሾች አንዳንዶቹን ገድሎ በወታደሮች እጅ በተያዘ ጊዜ፥ ከፓርኩ ከማባረር በቀር ሌላ ቅጣት ሊደርስበት አልቻለም። ይህ ወሬ በአገሩ ሁሉ ስለ ተሰማ፥ ኮንግረስ በዚያው ዓመት በሜይ ወር የእሥራትና የገንዘብ ቅጣት ያለበትን ሕግ አወጣ፤ በፓርኩም ውስጥ የሚፈርድ ሹም እንዲሾም አደረገ። ይህ መልካም ሥራ ነበረ፤ ያለ እርሱ የጐሹ ዘር ባልተረፈም ነበር ለማለት ይቻላል።

አውቶሞቢል ወደ የሎውስቶን እንዲገባ የተፈቀደው ከዚህ በኋላ በ1915 ነው። የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤትም በ1916 ተቋቋመ፤ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው፥ ደንቡን የሚተላለፍም ሁሉ በወንጀል እንዲቀጣ ሆነ። እንግዲህ አውቶሞቢል ሲበዛና የማቆሚያው ደንብ ሲጻፍ፥ አዲሱ ደንብ በአሮጌው ቅጣት ሥር ገባ። ለጐሽ ገዳይ ተቈርጦ የነበረው በትር አውቶሞቢሉን በሣር ላይ ባቆመው መንገደኛ ጫንቃ ላይ ዐረፈ። በትሩን የቈረጡት ሰዎች ይህን አላሰቡም፤ ከእነርሱም በኋላ የመጡት በትሩን ለመለወጥ አልተነሡም።

በጦር ሠፈሮች የሆነው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። ማዕከላዊው መንግሥት በርስቱ ላይ ለሚደረግና በራሱ ሕግ ላልተጠቀሰ ወንጀል፥ ሠፈሩ ያለበትን ግዛት የወንጀል ሕግ የሚበደርበት የቈየ ሕግ አለው። በ1970ዎቹ ዓመታት ከየግዛቶቹ አንዳንዶቹ ትንሹን የመንገድ ጥፋት ከወንጀል መዝገብ አውጥተው ደንብ መተላለፍ ብቻ አደረጉት። በዚህ ጊዜ ማዕከላዊው መንግሥት የሚበደረው ወንጀል ጠፋ። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱም ክፍተቱን ለመድፈን፥ በግዛቱ ሕግ ወንጀል ያልሆነው የመንገድ ጥፋት በሠፈሩ ውስጥ እስከ 50 ዶላር መቀጫ ወይም እስከ 30 ቀን እሥራት፥ ወይም ሁለቱንም እንዲያስቀጣ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። ግዛቱ የምሕረት በር ሲከፍት፥ የሠፈሩ በር ያንኑ ጥፋት ወደ ወንጀልነት መለሰው።

የእነዚህ ደንቦች ክብደት በማን ላይ እንደሚወድቅ መመልከት ደግሞ ያስፈልጋል። በዋሽንግተንና በአጠገቧ ባሉት በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በታክሲ ነጂነት ቤተ ሰባቸውን ያስተዳድራሉ፥ ልጆቻቸውንም ያስተምራሉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሰው ለማድረስ ሲወጡ የወንዙ ዳር ጎዳና ከመንገዳቸው አንዱ ነው። በዚያ ጎዳና የፓርክ ፖሊስ የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት በከተማው ፖሊስ ከሚሰጠው ጋር በመልኩ ይመሳሰላል፤ መንገዱ ግን ልዩ ነው። ወረቀቱ በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ ከተማ ወዳለው ማዕከላዊ ቢሮ ይሄዳል፤ ተከሳሹም ቢከራከር የሚቀርበው በአሌክሳንድሪያ ባለው የማዕከላዊው መንግሥት ፍርድ ቤት ነው።

በብዙው ትንሽ ጥፋት ላይ የተወሰነውን ገንዘብ የከፈለ ሰው ችሎት ሳይቀርብ ነገሩ ይዘጋለታል። መክፈል ያልወደደ ወይም እንዲቀርብ የታዘዘ ሰው ማጅስትሬት በተባለው ዳኛ ፊት ይቆማል። ጁሪ የሚባሉት የሕዝብ ፈራጆች ግን አይቀመጡለትም፤ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 እንደ ፈረደው፥ ከ6 ወር የማይበልጥ እሥራት ያለበት ጥፋት እንደ ቀላል ስለሚቈጠር ነው። እሥራት ካልተፈረደበትም መንግሥት ለድሀው ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም። እንግዲህ ነገሩ ሲፈረድ «ትንሽ ነው» ተብሎ ታላላቆቹ መጠበቂያዎች ይቀሩበታል፤ ሲመዘገብ ግን «ወንጀል ነው» ተብሎ የታላቁ ነገር ስም ይሰጠዋል። ሳይከፍልና ሳይቀርብ የቀረ ሰው ደግሞ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል።

ለባዕድ አገር ሰው ይህ ስም ቀላል ነገር አይደለም። ዜግነት የሚለምን ሰው በማመልከቻው ላይ በሕግ አስከባሪ ተይዞ፥ የቅጣት ወረቀት ተቀብሎ ወይም ተከሶ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ትንሽ የመንገድ ጥፋት ብቻውን ዜግነትን አያስከለክልም። ነገር ግን ቋንቋውን ገና ያላጠራ ሰው «የማዕከላዊ መንግሥት ወንጀል» የሚል ቃል በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ሲያነብ፥ የሚመልሰውን አያውቅም፤ አንዱ ፈርቶ ይሸሽጋል፥ በመሸሸጉም ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ የከፋ ጥፋት ያደርጋል። የቃሉ ክብደት ከጥፋቱ ክብደት ሲበልጥ ሰውን ወደ ሐሰት ይገፋዋል።

«ቃል ብቻ ነው፥ ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ቢኖር ከዚያው አገር ሁለት ነገሮች ይመልሱለታል። በ1997 በቴክሳስ ግዛት አንዲት እናት ሁለት ትንንሽ ልጆችዋን ይዛ ስትነዳ፥ የመቀመጫ ቀበቶ ስላላሰሩ በፖሊስ ተያዘች። ጥፋቱ በሕግ የሚያስቀጣው ቢበዛ 50 ዶላር ብቻ ነበር፤ እሥራት አልነበረበትም። ሆኖም ስሙ ወንጀል ስለ ሆነ ፖሊሱ እጅዋን በካቴና አስሮ ወደ እስር ቤት ወሰዳት። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2001 አምስት ዳኞች በአራቱ ላይ ድምፅ በልጠው፥ መያዝዋ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይቃረን ፈረዱ። ቅጣቱ እሥራት የሌለበት ጥፋት በመያዝ ጊዜ እሥራት ሊያመጣ መቻሉ በዚህ ተረጋገጠ።

ሁለተኛው በሚዙሪ ግዛት በፈርጉሰን ከተማ የሆነ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት የፍርድ ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ እንደ ተገለጠው፥ አንዲት ድሀ ሴት በ2007 አውቶሞቢልዋን አንድ ጊዜ ያለ ቦታው በማቆምዋ ሁለት የቅጣት ወረቀት ተሰጣት፤ መቀጫውም 151 ዶላርና ልዩ ልዩ ክፍያ ነበረ። ገንዘቡን በጊዜው ስላልከፈለችና በቀጠሮ ስላልቀረበች ጥፋት በጥፋት ላይ እየተጨመረባት ሁለት ጊዜ ተያዘች፥ ስድስት ቀን ታሰረች፥ 550 ዶላርም ከፈለች። ከሰባት ዓመት በኋላ በ2014 መጨረሻ ገና 541 ዶላር ይቀርባት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች የሆኑት በማዕከላዊው መንግሥት መሬት ላይ አይደለም፤ ነገር ግን ትንሽ ጥፋት የወንጀልን ስምና የወንጀልን ሥርዓት ይዞ ሲሄድ የት ሊደርስ እንደሚችል ያስረዳሉ። ሀብታሙ ወረቀቱን በተቀበለበት ቀን ከፍሎ ይረሳዋል፤ ድሀው ግን ከእርሱ ጋር ዓመታት ይኖራል።

በሌላው ወገን የሚቀርበው ክርክር ችላ የሚባል አይደለም። በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ያለ ቦታው የቆመ አንድ አውቶሞቢል የእሳት አጥፊዎችን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በደረቅ ሣር ላይ የቆመም በሚግለው የጢስ መውጫው ደኑን ሊያቃጥል ይችላል። በፓርክ ውስጥ በፍጥነት የሚነዳ ሰው አውሬውንም ሰውንም ይገድላል። የደኑ ጠባቂ በሰፊው በረሓ ብቻውን ስለሚሠራ ቃሉ እንዲፈራ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ሰውን ከጥፋት የሚያግደው የቅጣቱ ስም ማስፈራት ሳይሆን፥ ቅጣቱ በእርግጥና በቶሎ የሚደርስ መሆኑ ነው። ማንም የማይፈርደው የስድስት ወር እሥራት ከሚያስፈራ ይልቅ፥ በሳምንቱ የሚከፈል መጠነኛ መቀጫ ያስፈራል። ደግሞም ትንሹን ነገር ከወንጀል ማውጣት ትልቁን ማውጣት አይደለም። ሰክሮ የነዳ፥ ሰው ገጭቶ የሸሸ፥ ሆነ ብሎ በሌላው ነፍስ ላይ የቀለደ፥ አስቦ እሳት የለኰሰ ወይም አውሬ የገደለ ሁሉ በወንጀልነቱ ይኑር። እንዲያውም ዳኛው ከማቆሚያ ወረቀት ክምር ሲያርፍ ለእነዚህ የሚሰጠው ጊዜ ይበዛለታል።

ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱ አሉ፤ ጥቅሙም ጕዳቱም ከእነርሱ ይታወቃል። የኒው ዮርክ ከተማ በ1970 የማቆሚያ ጥፋትን ከወንጀል ችሎት አውጥቶ ለአንድ ልዩ የአስተዳደር ቢሮ ሰጠው። የጀርመን አገር በ1968 ባወጣውና ከ1969 መጀመሪያ አንሥቶ በተሠራበት ሕግ ትንሹን የመንገድ ጥፋት ሁሉ ከወንጀል ለይቶ፥ ሥርዓትን መተላለፍ በሚል ስም በአስተዳደር መቀጫ እንዲጨረስ አደረገ። እንግሊዞችም በ1991 ባወጡት ሕግ የማቆሚያ ጥፋት በከተማ ምክር ቤቶች መቀጫ እንዲታይ፥ ቅር ያለው ሰው ግን ከምክር ቤቱ ነጻ ለሆነ ፈራጅ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀዱ። በእነዚህ አገሮች መንገዱ ሥርዓት አላጣም፤ ስሙ ስለ ቀለለ ደንቡ አልተናቀም።

ሆኖም ከእነዚሁ አገሮች የሚገኝ ማስጠንቀቂያ አለ። በኒው ዮርክ ያው ቢሮ በ1986 በታላቅ ነውር ተገኘ፤ ያልተከፈለውን መቀጫ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ውሉን ለማግኘት ለሹማምንት ጉቦ ሲሰጡ መኖራቸው ታወቀና በዳኝነት ተቀጡ። ጥፋቱ ከችሎት ሲወጣ ከችሎቱ ጋር የዳኛው ዓይን አብሮ ከወጣ፥ ደንቡ የገንዘብ መሰብሰቢያ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። የፈርጉሰንም በሽታ ከመቀጫው ገንዘብ ለከተማው ገቢ ከመፈለግ የመጣ ነበር።

በጀርመን ደግሞ በ1978 ኦዝቱርክ የሚባል የቱርክ አገር ሰው በአውቶሞቢሉ የቆመ አውቶሞቢል ስለ ገጨ 60 ማርክ ተቀጣ። ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ በአስተርጓሚ ስለ ተነጋገረ፥ የአስተርጓሚውን ዋጋ 63 ማርክ ከ90 ክፈል ተባለ፤ ይህም ከመቀጫው የበለጠ ነበር። መንግሥቱም «ይህ ወንጀል አይደለም፥ ስለዚህ ለወንጀል ተከሳሽ የተሰጠው መብት አይገባውም» ብሎ ተከራከረ። በስትራስቡርግ ያለው የኤውሮፓ የሰው መብት ፍርድ ቤት ግን በ1984 የጥፋቱ ስም ቢለወጥም ቅጣት ቅጣት ነውና፥ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ በነጻ የመሰማት መብቱ እንደማይቀርበት ፈረደ።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለበት ሚዛን ይህ ነው። በአገራችን ሕዝብ ዘንድ፥ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል የቈየ ተረት አለ። የበቅሎዋና የጭብጦዋ ዋጋ የማይመጣጠን መሆኑን ተረቱን የተናገረው ሰው አላጣውም፤ ነገር ግን የትንሽ ነገር ፍርድ እንደ ትልቁ ነገር ፍርድ የከበረ መሆኑን ዐወቀ። ስለዚህ ትንሹን ጥፋት ከወንጀል ማውጣት ማለት ከፍርድ ማውጣት ማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ስሙ ይቅለል፥ ቅጣቱ ይቅለል፤ ዳኝነቱ ግን አይቅለል።

በአሜሪካ ይህን ለመፈጸም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የአገሩ ሕግ እሥራት ለሌለበት ወይም ከ5 ቀን ለማይበልጥ እሥራት ላለበት ጥፋት ከወንጀሎች ሁሉ በታች የሆነ መደብ አስቀድሞ አዘጋጅቷል። በሜይ 9 ቀን 2025 የወጣ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝም የማዕከላዊው መንግሥት ደንቦች ከ48,000 በላይ ክፍሎችና ከ175,000 በላይ ገጾች ሆነው፥ ማንም ዜጋ ሊያነባቸው እንደማይችል ገልጦ፥ መሥሪያ ቤቶቹ በወንጀል የሚያስቀጡትን ደንቦቻቸውን ከነቅጣታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘረዝሩ አዝዟል፤ ሰው ሳያስብ የሚያደርገውም ጥፋት በወንጀል እንዳይከሰስ መክሯል። መዘርዘር መልካም መጀመሪያ ነው። ነገር ግን የእሥራቱ ልክ የተጻፈው በኮንግረስ ሕግ ስለ ሆነ፥ የሚፍቀውም ኮንግረስ ነው፤ ሹም የጻፈው ትእዛዝ ሌላ ሹም ሲመጣ ይለወጣል፥ ሕግ ግን ይጸናል።

ሥራው በደኅና እንዲፈጸም አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፥ አደጋ ያላደረሰ የማቆሚያና የቀላል ፍጥነት ጥፋት በማናቸውም የመንግሥት መሬት ላይ ቢሆን እሥራት የሌለበት አንድ ዓይነት መቀጫ ይኑረው፤ የመሬቱ ጠባቂ ሲለወጥ ቅጣቱ አይለወጥ። ሁለተኛ፥ የተቀጣው ሰው ቢወድ በሚሰማው ቋንቋ፥ መቀጫውን ከማይሰበስበው ዳኛ ፊት ቀርቦ የመሰማት መብቱ ይጠበቅለት። ሦስተኛ፥ የመቀጫው ገንዘብ ለቀጪው መሥሪያ ቤት ገቢ አይሁን፤ ከሚፈርድበት ነገር የሚጠቀም ዳኛ እውነተኛ ዳኛ አይደለምና። አራተኛ፥ መክፈል ያልቻለ ድሀ በየጊዜው እንዲከፍል ወይም በሥራ እንዲተካ ይፈቀድለት እንጂ፥ ድህነቱ ራሱ አዲስ ጥፋት ሆኖ አይቈጠርበት።

በኢትዮጵያም ሕግ ይህ ልዩነት የታወቀ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወንጀልንና ደንብ መተላለፍን በየክፍላቸው ለይቶ ጽፎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 414 የወጣው የወንጀል ሕግም ስለ ደንብ መተላለፍ የሚናገር የራሱ ክፍል አለው። ስለዚህ የአሜሪካው ታሪክ ለአገራችን ባለሥልጣን የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ ደንብ በተጻፈ ቍጥር፥ የቅጣቱ አንቀጽ ከአሮጌ ደንብ እንዲሁ ተገልብጦ እንዳይገባ፥ «ይህ ቅጣት አስቀድሞ የተሠራው ለማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ የጸሓፊው ግዴታ ነው።

ሕግ እንዲከበር የሚወድ ሁሉ ለእያንዳንዱ ጥፋት የሚገባውን ስም ይስጥ። ለጐሽ ገዳዩ የጐሽ ገዳዩ በትር ይቈየው፤ አውቶሞቢሉን በሣር ላይ ያቆመው ሰው መጠነኛ መቀጫውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ይመለስ፤ አልተሳሳትሁም የሚል ቢሆንም የሚሰማው ዳኛ ያግኝ። እንዲህ ሲሆን ሰው ደንቡን የሚጠብቀው እስር ቤትን ፈርቶ ሳይሆን፥ ደንቡ ራሱ ትክክል መሆኑን ዐውቆ ይሆናል።